ሃብተአብ የደበቃት ስድስተኛ ቀን

የጎረቤቱ ጣሪያ ሲጨስ አይቶ፣ ሳይጮህ የራሱ ግድግዳ ላይ ብቻ ውኃ የሚያርከፈክፍ ሰው ምን ይባላል? ስም ካላችሁለት ለሉሊ ንገሯት። እሷ አጥታለታለች።

ከሦስት ዓመት በፊት ከሃብተአብ ጋር ሆና ደቦን ሠራች፤ ኮምፒውተርን በአማርኛ የሚያሠራ፣ ማንም በነፃ የሚጭነው፣ ኮዱንም ማንም የሚያነበው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ነው። የአገሩን የቀን መቁጠሪያ የጻፈችለት እሷ ናት። ባለፈው ዓመት ሃብተአብ ኮዱን ገልብጦ ካዛንቺስ ቢሮ ከፈተና ጀንበር የሚባል የራሱን አወጣ። አልተቀየመችም። ደቦም ራሱ ከሌላ የተቀዳ ነው፤ ነፃ ሶፍትዌር የሚራባው እንዲህ ነው። የሚጠበቅ አንድ ወግ ብቻ አለ፤ ተገንጥሎ የወጣው በእናቱ ኮድ ውስጥ ስህተት ካገኘ ጥገናውን መልሶ ይልካል። ይህንን ወግ ለአዲስ ገቢዎች ጣቱን እያወዛወዘ ያስተምር የነበረው ሃብተአብ ነው።

በ2015 ጳጉሜ 6፣ ሰኞ ጠዋት፣ ቂርቆስ ያለው፣ በደቦ የሚሠራው ክሊኒክ ኃላፊ ጋሽ ካሕሳይ ደወሉላት።

«ሉሊዬ፣ ያንቺ ማሽን አዲስ ዓመት ገብቷል። እኛ ገና ዶሮ አልገዛንም።»

ስትደርስ ሕፃን ያዘሉ እናቶች እስከ በሩ ተሰልፈዋል። ስክሪኑ «መስከረም 1፣ በዓል፣ ዝግ» ይላል፤ የዕለቱ የክትባት ቀጠሮ አልከፈት ብሏል። ጳጉሜን በየዓመቱ አምስት ቀን አድርጋ ጽፋዋለች። በአራት ዓመት አንዴ የምትመጣዋን ስድስተኛ ቀን፣ አገሬው ሁሉ የሚያውቃትን፣ እሷ ረስታታለች።

እፍረቷን ሳትውጥ ጋሽ ካሕሳይ ቀጠሉ።

«የጀንበር ልጆች እኮ አርብ መጥተው ነግረውኝ ነበር። ሰኞ ደቦ ይቆማል፣ የኛ አይቆምም አሉ። የሽያጭ ወሬ መስሎኝ ሳቅኩባቸው። በቃ፣ ከበዓል በኋላ ልቀይር ነው። አትቀየሚኝ።»

ሉሊ እዚያው ቆማ፣ እንደ ደቦ ለማንም ክፍት የሆነውን የጀንበርን ኮድ ከፈተች። ጥገናው አለ፤ አንድ መስመር ነው። የሃብተአብ ስም፣ ቀኑ ታኅሣሥ 11። ከሥሩ፦ «ለደቦ አይላክ»።

መስመሩን ቀድታ ክሊኒኩ ላይ ጫነች። ሰልፉ ተንቀሳቀሰ። እሷ በእግሯ ወደ ካዛንቺስ ወጣች።

«ታኅሣሥ ላይ አውቀሃል» አለችው።

ሃብተአብ ወንበር ሳበላት። አልተቀመጠችም።

«ማለቴ፣ ኮዱ ክፍት ነው እኮ። ማንበብ ትችዪ ነበር። የደቦ የአጠቃቀም ፈቃድም ጥገናውን ላክ ብሎ አያስገድደኝም።»

«አያስገድድህም።»

«ታዲያ?»

«ለጋሽ ካሕሳይ እንድትነግር ማን አስገደደህ?»

ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። «ሉሊ፣ ቢዝነስ ነው። ነይ ሻይ እንጠጣና በሁለታችን መሃል እንጨርሰው።»

በሁለታችን መሃል! እናቶቹ በሁለታቸው መሃል አልነበረም የተሰለፉት። ደረጃውን እየወረደች ስልኳን አወጣች፤ ደቦን በነፃ የሚሠሩትም፣ የጀንበር ሰዎችም፣ ሁሉም የሚያነቡት አንድ የጋራ ገጽ አለ። እዚያ ላይ ጻፈች፦

«ጳጉሜን ያጎደልኩት እኔ ነኝ፤ ስህተቱ የእኔ ነው፤ ይቅርታ። ሃብተአብ፣ አንተ ግን አትደውልልኝ፤ ሰውም አትላክብኝ። እዚሁ፣ ሁሉም በሚያይበት፣ በስምህ መልስ፦ ታኅሣሥ ላይ ያወቅኸውን ከእኛ ደብቀህ፣ ጳጉሜ ላይ ለደንበኛችን የሸጥከው ለምንድን ነው?»