ሦስቱ ትራሶች

እናትየው የምትተኛው በሦስት ትራስ ተደግፋ ነበር። አንዱ የሆስፒታሉ ነው፤ አንዱን እህቷ ከቤት አምጥታላታለች፤ ሦስተኛውን የአልጋ ጎረቤቷ አውሳታለች። ዝቅ ብላ ከተኛች ሰው ደረቷ ላይ የተቀመጠባት ያህል ትታፈናለች። የልብሽ በር ጠቧል ብለዋታል።

ጎረቤቷ አፏ ስለማያርፍ ክፍሉ ሁሉ «ሬዲዮ» ይላታል።

«ያንቺ ልብ እኮ ስንቱን ሐኪም አደረገ!» ትላታለች። «ይሄኔ ዲግሪ በሰጡት ነበር።»

እውነቷን ነው። ሆስፒታሉ ሐኪሞች የሚማሩበት ስለሆነ፣ ጠዋት ጠዋት ነጭ ገዋን የለበሱ ልጆች አልጋዋን ይከቡና ተራ በተራ ደረቷን ያዳምጣሉ። «በግራ ጎንሽ ዙሪ» ይሏታል፤ ትዞራለች። የልቧ ድምፅ ጥርት ብሎ የሚሰማው ያኔ ነው።

ዛሬ ግን ፈተና ነበር። መምህራቸው ቀደም ብሎ መጣና «እናት፣ ፈቃድሽ ከሆነ ዛሬ ባንቺ እንፈትናቸው። ታዲያ ምንም እንዳትነግሪያቸው፤ በእጃቸውና በጆሯቸው ብቻ ያግኙት» አላት።

እሺ አለች። የቀዶ ሕክምና ወረፋውን የሚያወጣው እሱ ነው። ቤት ያለችው ልጇ የወተት ጥርሷ እንኳ ገና አልተነቀለም። በምን አፏ እምቢ ትበል?

መምህሩ ሊሄድ ሲል ትራሶቹን አየ። «እነዚህ ሳይጠየቁ መልስ ይናገራሉ» ብሎ ሁለቱን ወሰደና ከመጋረጃው ጀርባ ወንበር ላይ አስቀመጣቸው።

የመጀመሪያው ተማሪ ቶሎ ጨረሰ፤ ጥርሷን ነክሳ ቻለችው። ቀጥላ የገባችው ልጅ ግን መወሰን አቃታት። ማዳመጫውን ታሳርፋለች፣ ታነሳለች፣ መልሳ ታሳርፋለች።

«ይቅርታ እናቴ፣ ቀዘቀዘዎት?»

«ጥያቄ የለም» አለ መምህሩ ከእግርጌ ሆኖ።

እናትየው ጣራው ላይ አፈጠጠች። ደረቷ መጥበብ ጀመረ፤ በጎኗ ብትዞር ትንሽ ይቀላት ነበር። መጋረጃው ዙሪያዋን ተዘግቷል፤ አየሩ ራሱ ያለቀ መሰላት። ከዞረች መልሱን መናገሯ ነው፤ ፈተናውን አበላሸች ይባላል፤ ከዚያ ወረፋውን ማን ይሰጣታል? ካልዞረች ደግሞ ትንፋሿ ሊቆረጥ ነው። ወዲህ ገደል፣ ወዲያ እሳት። «ትንሽ ቻይ፣ ለልጅሽ ስትይ ቻይ» አለች በልቧ። አንሶላውን በሁለት እጇ ጨመደደችው።

አልቻለችም። ሰውነቷ ሳያስፈቅዳት በግራ ጎኗ ዞረ።

«እናት! ምን ተባብለን ነበር?» አለ መምህሩ።

ልትመልስለት ብትሞክር ትንፋሽ አጠራት። አለቀልኝ፣ ወረፋዬ ሄደ፣ ብላ አሰበች።

እስካሁን ማዳመጫዋን ብቻ ስታይ የነበረችው ልጅ ያኔ ቀና ብላ የእናትየውን ፊት አየች። ከንፈሯ ጠቁሯል። ማዳመጫውን ከጆሮዋ ነቅላ መጋረጃውን በረገደችው፤ ትራሶቹን አየች።

«የማን ናቸው?»

«የሷ!» አለች ሬዲዮ ካልጋዋ። «አንዱ የኔ ነው፤ ግን የሷ ነው! አቀብያታ!»

ልጅቷ እናትየውን በብብቷ ይዛ ቀና አደረገቻት፤ ትራሶቹን ከጀርባዋ ደራረበችላት። 

«ሰዓትሽ አልቋል» አለ መምህሩ። «ምን አገኘሽ?»

«ልባቸውን በደንብ አልሰማሁትም ዶክተር። ዝቅ ብለው መተኛት ግን አይችሉም።» ወደ ባዶው ወንበር አመለከተች። «እኛ ነን ያስተኛናቸው።»

መምህሩ ዝግ ባለ ድምፅ «እንደተቀመጠች ወደ ግራ ዘንበል አድርጊያትና እንደገና ስሚ» አላት።

ልጅቷ ሰማች፤ ግንባሯ ተፈታ።

እናትየው ትንፋሿ ሲመለስ መጀመሪያ ከአፏ የወጣው ቃል «ዶክተር... ወረፋዬስ?» የሚል ነበር።

«ወረፋሽን ማን ይነካዋል?» አለ መሬት መሬቱን እያየ። «ጥፋቱ የኔ ነው።»

ማመኑ ከበዳት። በሩ ጋ የሚቀጥለው ተማሪ ቆሟል። የመምህሩ እጅ ወደ ትራሶቹ ሲዘረጋ የላይኛውን ጭብጥ አድርጋ ያዘችው። እሱ ግን የተንሸራተተውን ብቻ አቃንቶላት ወደ ተማሪው ዞረ።

«ጥያቄው ተቀይሯል። እኚህ እናት ለምንድነው በሦስት ትራስ የሚተኙት?»

ተማሪው አሰበ፤ አሰበ።

«እኔ ልመልስ?» አለች ሬዲዮ።