በእርሳስ የተጻፈ

ምን ብላ ትንገራት? እውነቱን ከተናገረች ልጅቱ ትሄዳለች፤ ዝም ካለች ደግሞ የሟች ቃል አፏ ውስጥ ሊቀር ነው። አያትየዋ በአራተኛው የለቅሶ ቀን፣ ሰኞ ጠዋት፣ በተውሶ ወንበሮች መሀል ተቀምጣ ይህንኑ ታወጣለች ታወርዳለች።

«እትዬ፣ እባክዎ እህል ይቅመሱ» አለች ጎረቤቷ ልብስ ሰፊዋ። «እርስዎም ከወደቁ እኮ ወንበሩን ሳንመልስ በዚያው ልንቀጥል ነው።»

አያትየዋ ፈገግ ለማለት ሞከረች፤ አልሆነላትም። ዓይኗ ለለቀስተኛ ሻይ ከምታድለው የልጅ ልጇ ላይ አልነቀል ብሏል። ልጅቱ ዘንድሮ ከመምህራን ኮሌጅ ተመርቃለች። በመድን ድርጅት ቢሮም ሥራ አግኝታለች። ሞቅ ያለ ክፍል፣ መስኮቱ የሚዘጋ።

የሞተችው እናቷ መምህርት ነበረች። ሃያ ሁለት ዓመት በአንድ ትምህርት ቤት፣ ሦስተኛ ክፍል፣ መስተዋቱ በረገፈ መስኮት ሥር። ደብተር የምታርመው በእርሳስ ነበር። ልጁ ስህተቱን ሲያስተካክል እሷም ምልክቷን በላጲስ ታጠፋዋለች። እና ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የጻፈችው ዛሬ ቢፈለግ አንድ መስመር አይገኝም። ለዚህ ነው ደረቷን ለብርድና ለጠመኔ ብናኝ የሰጠችው?

ሐኪሙ «ጠመኔውን ተይው» ሲላት አያትየዋም ለምናት ነበር።

«እማዬ፣ እግዚአብሔር የሰጠኝ ይህን ክፍል ነው» አለቻት። «ስሄድ ስማቸውን ይጠይቀኛል።»

ከእራት በፊት የተማሪዎቿን ስም ዝርዝር ይዛ አርባ ሰባቱንም አንድ በአንድ እየጠራች ትጸልያለች። ሾርባው ይቀዘቅዛል።

«የእኔስ ስም ስንተኛ ላይ ነው?» አለቻት አንድ ቀን አያትየዋ።

«አንቺ መች ቀርተሽ ታውቂያለሽ?»

ሳቁ። ወዲያው ሳሉ መጣና ሳቁን ቆረጠው።

በቀብሩ ማግስት ልጅቱ «እማማ፣ እናቴ መጨረሻ ላይ ምን አለች?» ብላ ጠየቀቻት። አያትየዋም «‹ልጄን አደራ፣ ጠመኔ እንዳትነካ› አለች» አለቻት። ልጅቱ አምና አለቀሰች። ያ ማመኗ ነው አሁን እንቅልፍ የነሳት።

ርእሰ መምህሩ ገባ። አጽናናቸው፣ ሻዩን ያዘ፣ ሳይጠጣው ወደ ልጅቱ ዞረ።

«ዛሬ ትመጫለሽ ብዬ ስጠብቅ ነበር» አላት። «ክፍሉ ያለ መምህር ሳምንት አለፈው። እናትሽ ሐሙስ ደውላልኝ ‹ልጄ ትይዝልኛለች፣ ለእማዬ ነግሬያታለሁ› ብላኛለች።»

ልብስ ሰፊዋ ማንቆርቆሪያውን ቀስ ብላ መሬት አስቀመጠች።

«እማማ?» አለች ልጅቱ።

«የአንቺም ደረት እኮ የእሷው ነው። ክረምት በገባ ቁጥር ስታስዪ የማልሰማ መሰለሽ?»

«ምን ነበር ያለችው?»

«‹ሰኞ ክፍሌን ልጄ ትያዝልኝ› አለች።»

«ሌላስ?»

«ሌላ ምንም።» አያትየዋ ነጠላዋን ሰበሰበች። «አጠገቧ ነበርኩ፣ እጇን ይዤ። አርባ ሰባት የሰው ልጅ አስባ ለኔ አንድ ቃል አልተረፋትም። እናቷ ነኝ እኮ።»

ርእሰ መምህሩ አንገቱን ደፋ። አንዱ ለቀስተኛ ወንበሩን አንቋቋ።

ልጅቱ የያዘችውን ትሪ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። እጇን በቀሚሷ ጠረገች። አያትየዋ ብርዱ ታሰባት፤ ተነሥታ ከግድግዳው ምስማር ላይ ሹራቡን አወረደችና፣ ሕፃን እንደምታለብስ እጅጌውን ዘርግታ ቆመች።

ልጅቱ በጎኗ አልፋ፣ ሹራቡን ሳትለብስ ወደ ትምህርት ቤቱ ወጣች።