የአባባ ወፍ

አባትየው ጡረታ የወጡ የጭነት መኪና ሹፌር ናቸው። በጎልማሳነታቸው መኪናቸው ተራራ ላይ ተበላሽቶ ሳለ፣ ጉሮሮዋ ደም የመሰለ ሰማያዊ ወፍ አየሁ ብለው የቤተሰቡ መሳቂያ ሆኑ። ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ "ወፎ" ይላቸዋል። ሚስታቸውማ እንግዳ ፊት ሳይቀር "ወፏ ደህና ናት?" እያሉ ይተርቧቸዋል። አሁን ደግሞ ዓይናቸው ከቀን ወደ ቀን እየደከመ ነው፤ ሐኪሙም መድኃኒት የለውም ብሏል። ስለዚህ የሰርግ ፎቶ አንሺዋ ልጃቸው "ሳይጨልምባቸው አሳያቸዋለሁ" ብላ፣ ካሜራዋን አንግታ ተራራው ጫካ ይዛቸው ገባች።

ጉሙ ገና አልተገፈፈም፤ ቅጠሉ ሁሉ ያንጠባጥባል። አባትየው ሞተር እንደሚያዳምጥ ሹፌር ጆሯቸውን አዘንብለው ቆሙ። ከቅጠሉ መሀል የወፍ ድምፅ ተሰማ።

"እሷ ናት! በግራ፣ ከፍ ብሎ!" አሉ የልጃቸውን ክንድ ጨምድደው።

እውነትም ቅርንጫፉ ላይ ሰማያዊ ነገር ብልጭ አለ! ልጅቷ ካሜራዋን ቀና አደረገች። አነጣጠረች፤ ጣቷ ሊጫን ሲል ግን ስንት ሙሽራ ያባበለው አፏ አመለጣት።

"ፈገግ በይ!"

ወፏ ብን አለች።

"ሙሽራ መሰለችሽ እንዴ?" አሉ አባትየው። "ቬሎም አምጥተሽ ነበር?"

አመል ያወጣል ከመሀል ማለት ይሄ ነው። አባትየው ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው፤ እሷ ግን አንጀቷ አረረ። ይህች ወፍ ካልተመለሰች አባቷ እንደ ውሸታም ሊቀሩ ነው።

ድምፁ እንደገና ተሰማ፤ አሁን ቀርቧል። ልጅቷ አፏ ዳግም እንዳያመልጣት ሻርፗን ወትፋበት ፎቶ አነሳች። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ!

"ያዝኳት፣ አባባ! እዩዋት!"

አባትየው ካሜራውን አፍንጫቸው ድረስ አስጠጉት። "ቅጠል ብቻ ነው የሚታየኝ" አሉ ዓይናቸውን እያሹ።

ምስሉን አጎላችው። አሁንም አጎላችው፤ ጉሮሮዋ ብቻ ስክሪኑን እስኪሞላው።

"ቀይ!" አሉ አባትየው። እንባቸው ዱብ ዱብ አለ። "ለእናትሽ ደውዪ! አሁኑኑ!"

ስልኩ እንደተነሳ ጫካው እስኪያስተጋባ ጮሁ። "አገኘናት! ጉሮሮዋ እንዳልኩሽ ነው!"

ከወዲያ በኩል ያሉት እናት ቀልድ አያልቅባቸውም። ልጅቷ የተለመደውን ተረብ ጠበቀች።

"ታዲያ ምን ያስጮህሃል?" አሉ እናትየው በሹክሹክታ። "ቀስ በል እንጂ፣ ታስበረግጋታለህ!"