ራዲዮው ቤት ሲገባ

ሰፈሩ «ራዲዮ» ይለዋል። ፀጉር ሲያስተካክል አፉ አያርፍም፤ አንዱን ደንበኛ ስለ ሥራው ጠይቆ ሳይጨርስ፣ አግዳሚው ላይ ተራ የሚጠብቀውን በኳስ ይነካካዋል። ፀጉሩ ሳያድግ ለወሬው ብቻ የሚመጣም አለ።

ሱቁን ዘግቶ ቤቱ ሲገባ ግን ድምፁ አብሮት አይገባም። ጫማውን ያወልቃል፣ መጋረጃውን ይጋርዳል፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ግድግዳ ግድግዳውን ያያል። ሚስቱ «ደህና ዋልክ?» ትለዋለች፤ ራሱን ይነቀንቃል። «እራት ይቅረብ?» ራሱን ይነቀንቃል። እሷ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ነው የምትሠራው። የማሽኑ ጩኸት ስለማያስወራ፣ ከነጋ ጀምሮ ያጠራቀመችውን ወሬ ይዛ ትመጣና መልሳ ትውጠዋለች።

አንድ ቀን በሱቁ በኩል ስታልፍ፣ ቤት ሙሉ ሰው በሳቅ ሲያፈርስ ሰማችው። በሩ አጠገብ ቆማ አዳመጠችና ሳትገባ ሄደች። ማታ ታዲያ ሆድ ባሳት።

«ለሰው ራዲዮ፣ ለእኔ ግድግዳ» አለችው። «የወሩ መጨረሻ ላይ እህቴ ጋ ልገባ ነው። ተጣልተን አይደለም። ደክሞኝ ነው።»

ጀርባዋን ሰጥታው ተኛች።

በዚያው ሰሞን ሱቁ ጢም ብሎ ሞልቶ፣ ቶንዶሱ እየጮኸ፣ ቴሌቪዥኑ ተከፍቶ፣ ሁሉም በአንድ ላይ ሲያወራ እጁ ደረቀበት። ማበጠሪያውን ጥሎ ጆሮውን በሁለት እጁ ይዞ መሬት ተቀመጠ። ክሊኒክ ወሰዱት፤ ክሊኒኩ ወደ አእምሮ ሐኪም ላከው። ሐኪሟ በየቀጠሮው ስለ ልጅነቱ ስትጠይቀው ቆየች። ሙያውን ስላስተማረው አጎቱ ነገራት። አጎቱ «ዝም ብለህ የምትቆርጥ ከሆነ ሰው ሁለተኛ አይመጣልህም» ብሎት ነበር። ስለዚህ ጥያቄዎቹን፣ ቀልዶቹን፣ የት ቦታ እንደሚነገሩ ሁሉ በቃሉ ያዘ።

«ሳቁንም?» አለችው።

«ሳቁም የእሱ ነው።»

በመጨረሻው ቀጠሮ ኦቲዝም ነው አለችው።

«እሱ የልጆች አይደለም እንዴ?»

«ልጆቹ ያድጋሉ እኮ» አለች ሐኪሟ።

ሲመለስ አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ተቀመጠ። የሚሄድበት አውቶቡስ መጥቶ ሄደ፤ ሌላውም እንዲሁ። ከልጅነቱ ጀምሮ ለሰው ሁሉ የተሰጠውን አንድ ነገር እሱ ብቻ የጣለው ይመስለው ነበር። ለካ ከመጀመሪያውም አልተሰጠውም። ቀኑን ሙሉ አጎቱን ለብሶ ይውላል፤ ቤት ሲገባ ያወልቀዋል፤ ከሥር የሚገኘው ሰው ደግሞ ለመናገር አቅም የለውም። ይህን ማወቁ ደስ አላሰኘውም። ድካሙን ብቻ አገኘበት፤ የዓመታት ድካም፣ አንድ ላይ።

ለሚስቱ የሐኪሟን ቃል ነገራት። አዳመጠችውና «እና?» አለች። የምትለው ገብቶታል፤ ስም ወጣለት እንጂ ዝምታው ያው ነው። ወሩ ሊያልቅ ደግሞ ትንሽ ነው የቀረው።

በማግስቱ እራት ላይ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ሥራ እንዴት ነው?»

ሚስቱ ቀና አለች። «ደህና። ዛሬ እንኳ አለቃችን...»

«እሰይ። ዘንድሮ ሥራ ያለው ሰው ዕድለኛ ነው» ብሎ ሳቀ። እሷም ፈገግ ልትል ዳዳት። «ልጆችስ? አደጉ?»

ልጅ የላቸውም። ፈልገው ያጡ ናቸው።

«የትኞቹ ልጆች?» አለች ቀስ ብላ።

እጁን ከሳህኑ አነሣ። «የደንበኛ ጥያቄ ነው። ከሥራ ቀጥሎ ልጆች ናቸው የሚመጡት። ከዚያ ኳስ።»

ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር።

«እየሳቅሽ ነው ወይስ እያለቀስሽ?»

«እኔም አላውቅም።»

«ሱቅ የሰማሽው እኔ አይደለሁም፤ አጎቴ ነው» አላት ሳህኑን እያየ። «እኔ የምሆነው እዚህ ስገባ ነው። አንቺ ፊት አስመስዬ አላውቅም። እስከ አሁን።»

«እንግዲህ የደረሰኝ ዋናው ነው በለኛ።»

«አዎ።»

«አንተ እዚህ ታርፋለህ። እኔስ የት ልረፍ?»

ተነሥቶ ሳህኖቹን ማጠብ ጀመረ።

ጠዋት ወንበሩ ላይ መጀመሪያ የተቀመጠው የሰፈሩ ሥጋ ሻጭ ነበር። «ዛሬ ዝም ብዬ ነው የምቆርጥህ» አለው።

«ምነው ራዲዮ፣ ባትሪ ጨረስክ?»

«አዎ።»

አግዳሚው ላይ ያሉት ሳቁ። ቆይተው ግን ዝምታው ከበዳቸው። አንዱ ተነሥቶ ማዶ ካለው አስተካካይ ጋ ገባ፤ ከሰዓት በኋላም ወንበሩ ባዶውን ዋለ። እሱ መስታወት ወለወለ።

ማታ ጫማውን አውልቆ እንደ ልማዱ ወደ ግድግዳው ዞረ። ከዚያ ቀን ሱቅ ውስጥ ባልጨረሰው አቅም፣ ሳይጠየቅ ማውራት ጀመረ። የሥጋ ሻጩ ማጅራት ላይ ፀጉሩ በግራ በኩል ወደ ላይ እንደሚበቅል፣ ቶንዶሱን ገልብጦ ካልያዘ እንደማይገራለት፣ አንድ በአንድ ነገራት። ሚስቱ ፎጣ እያጠፈች ቆማ ሰማችው።

«ስለ ሰው ማጅራት አልነበረም የፈለግኩት» አለች።

«አውቃለሁ። የራሴ የሆነው ግን ይሄ ነው።»

ፎጣውን አስቀምጣ ከጎኑ ተቀመጠች። እሷም ወደ ግድግዳው ዞራ፣ ስለ ማሽኗና ስለ አለቃዋ ማውራት ጀመረች። መሃል ላይ ስልክ ተደወለ፤ እህቷ ናት።

«በዚህ ወር አልመጣም» አለቻት። «የሚቀጥለውን እንጃ።»

ስልኩን ዘጋችና ግንባሯን አሸት አሸት አደረገች። «የት ነበርኩ?»

ዞር ብሎ አላያትም። «መርፌው የተሰበረበት ላይ» አላት።