በጣም ጥሩ የሚለው ሳጥን

ወረርሽኙ ከገባ ሰባት ወር ሆኖታል። የጽኑ ሕሙማን ክፍሉን የምትመራው ሐኪም ሃምሳ ዓመት ያለፋት፣ እግሯ ቶሎ ቶሎ የሚያብጥ፣ ግን ቁጭ ይበሉ ሲሏት የምትቆጣ ሴት ነች። የሥራ ባልደረቦቿ እትዬ ይሏታል። እሷን ጨምሮ ክፍሉ ሰባት ሐኪሞች አሉት። ከሁሉም ይልቅ አንጀቷን የሚበላት ቀጭኔ ያሉት ልጅ ነው፤ በር ሲገባ ጎንበስ የሚል፣ ሠላሳ ያልሞላው ሎጋ።

የቀጭኔ ሴት ልጅ የተወለደችው ክፍሉ ለወረርሽኙ በተከፈተበት ሳምንት ነው። አንድም ቀን አላቀፋትም። ሐኪሞቹ የሚያድሩት ከሆስፒታሉ ጀርባ ባለው ማደሪያ ነው፤ ቤት መሄድ በሽታ ይዞ መሄድ ነውና። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ሄዶ የቤቱ መስኮት ሥር ይቆማል። ሚስቱ ሕፃኗን ታቅፋ ከውስጥ ትመጣለች። እሱ መስታወቱን በጣቱ ኳ ኳ ያደርጋል፣ ሕፃኗ ትስቃለች። በቃ፣ ይኸው ነው። ሰኞ ሲመጣ ግን ዓለምን ዞሮ እንደመጣ ሰው ወሬው አያልቅም።

«እትዬ፣ ጥርስ አብቅላለች! ሁለት! ከታች!»

«አየሃት እንዴ? በዚያ ቆሻሻ መስታወት?»

«እኔ ነኝ እኮ የምወለውለው። ከውጭ በኩል ያለው የኔ ድርሻ ነው።»

እትዬ ለዚህ ልጅ ቃል ገብታለታለች። ተተኪ ሐኪሞች ሊላኩ ነው ተብሏል፤ እነሱ ሲመጡ መጀመሪያ የሚወጣው እሱ ነው። አንድ ሳምንት ለብቻው ተቀምጦ ይመረመራል፣ ሁለተኛውን ሳምንት ከልጁ ጋር ይከርማል። «ደግሞ ጺምህን ሳትላጭ እንዳትሄድ» ብላዋለች፤ «ልጅቷን ታስደነግጣታለህ።»

አንድ ረቡዕ ጧት የአስተዳደሩ ሰው መጣ። ከብብቱ ፋይል ተለይቶት ስለማያውቅ ፋይሉ ይሉታል። ክፍሉ ውስጥ አይገባም፤ በሩ ጋ ቆሞ በክንዱ ርዝመት ነው የሚያቀብለው።

«የሐኪሞች ደኅንነትና የኑሮ ሁኔታ መጠይቅ ነው። ሰባት ቅጂ። እስከ ስድስት ሰዓት ተሞልቶ ይመለስ ተብሏል።»

«ለምንድነው የሚፈለገው?»

«ከላይ ነው የመጣው፣ እትዬ። ለጥናት ይመስለኛል። እኔ አድራሽ ነኝ።»

ወረቀቱን ይዛ ዞር አለች። ስድስቱም ሐኪሞች ያንን የላስቲክ ልብስ ለብሰው በሽተኛ ላይ ናቸው። አንዴ ከወለቀ ይጣላል፤ የቀረው ደግሞ በቁጥር ነው። ለወረቀት ብላ ማንን ታስወጣ? የመድኃኒት ካርቶን ላይ ተቀመጠችና ራሷ ማንበብ ጀመረች። ሠላሳ ጥያቄ ነው። ከእያንዳንዱ ፊት አምስት ሳጥን ተደርድሯል፤ በዚህ ጫፍ በጣም መጥፎ፣ በዚያ ጫፍ በጣም ጥሩ።

ከእንቅልፍዎ ሲነቁ ስሜትዎ እንዴት ነው? ብቻዋን ሳቀች። ለመንቃት መጀመሪያ መተኛት አይደል የሚቀድመው? የምግብ ፍላጎትዎ እንዴት ነው? የቤተሰብ ግንኙነትዎስ? ብዕሯ በጣም መጥፎ ወደሚለው ሳጥን ሄዶ ሄዶ ቆመ።

ያን የፊተኛውን ጊዜ አስታወሰች። ሲስተር፣ የነርሶቹ ኃላፊ፣ «ደክሞናል» ብላ አንዲት መስመር ብትጽፍ ሦስት ቀን ስብሰባ ተቀመጡ። ለምን ደከማችሁ ብለው የሚጠይቁ ሰዎች መጡ፣ ቃለ ጉባኤ ተያዘ፣ ነርሶቹ አዳራሽ ተጎልተው ሳሉ በሽተኞቹን የሚያገላብጥ ጠፋ። መጥፎ ካልኩ ደግሞ ስብሰባ ሊጠሩን ነው፣ ጥሩ ካልኩ ይተዉናል አለች በልቧ። ለነገሩ ከደህና ነን ሌላ ቃል አፏ ላይ የለም፤ ማታ ማታ በስልክ ለእህቷም የምትለው እሱን ነው።

በጣም ጥሩ ከሚለው ሳጥን ላይ ጀምራ እስከ ታች ድረስ ራይት፣ ራይት፣ ራይት አደረገች። የመጀመሪያዋን ስትጨርስ ሁለተኛዋን፣ ሁለተኛዋን ስትጨርስ ሦስተኛዋን። የቀጭኔን ስትሞላ እንኳ እጇ አልቆመም። ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ፋይሉ ወረቀቱን ሰብስቦ ሄደ።

በአሥረኛው ቀን የምስጋና ደብዳቤ መጣ። ፋይሉ በፍሬም አስገብቶ፣ ሚስማርና መዶሻ ይዞ፣ ከክፍሉ በር ውጭ ሰቀለው። በመጠይቁ መሠረት፣ የሐኪሞች ደኅንነት በከፍተኛ ደረጃ የተጠበቀበት ክፍል ይላል። ከሥር በደቃቃ ፊደል ሌላ መስመር ነበረ፤ ተተኪዎቹ አራት ሐኪሞች፣ የሐኪሞቹ ሁኔታ እጅግ ተጎድቶ ወደተገኘው ከወንዙ ማዶ ወዳለው ሆስፒታል ተልከዋል ይላል።

ቀጭኔ ቁመቱን አጥፎ ያን ትንሹን መስመር አነበበ። ተመልሶም አነበበ። እትዬ ከኋላው ቆማ ነበር።

«እኔን የጠየቀኝ የለም፤ እናንተ ግን ሁላችሁም ደህና ናችኋ» አለ በቀስታ። «እኔ እኮ ሁላችንም እንደዚህ የሆንን መስሎኝ ነበር። ማታ መታጠቢያ ቤት ገብቼ የማለቅሰው እኔ ብቻ ነኝ ለካ።»

ያኔ መናገር ነበረባት። እሷ ግን «ና፣ የስምንት ቁጥር በሽተኛ ኦክስጅን እየወረደ ነው» አለችው፤ ሄዱ።

ሌሊቱን ሙሉ ያ ቃሉ ጆሮዋ ላይ ሲጮህ አደረ። ልጁ ተተኪውን መቀማቱ ሳያንሰው ራሱን ደካማ አድርጎ ቆጠረ። በነጋታው ልብስ ሲቀይሩ፣ ሲስተርም ጓንት ስትቆጥር ባለችበት፣ ምስጢሩን አወጣችው።

«መጠይቁን የሞላሁት እኔ ነኝ። የሁላችሁንም።»

ሲስተር ቆጠራው ጠፋባት። ቀጭኔ የአንድ እግሩን ጫማ እንደያዘ ቀረ።

«የእኔንም ሞሉልኝ?»

«ያንተንም።»

«ምን ብለው?»

«በጣም ጥሩ። ሁሉንም።»

«የቤተሰብ ግንኙነት የሚል ነበረው?»

«ነበረው።»

«ልጄን ለማቀፉ ስንት ሰጡኝ፣ እትዬ?»

ቢሰድባት ይሻላት ነበር። እሱ ግን ጫማውን አድርጎ ወጣ፤ ሲስተር ብቻ «ይብላኝ ለርስዎ» አለቻት።

እትዬ ያበጠ እግሯን እየጎተተች አስተዳደር ወጣች። ፋይሉ ወንበር ሰጣት፤ እሷ ግን አልተቀመጠችም።

«ያ ወረቀት ውሸት ነው። እንደገና እንሙላ።»

«ጥናቱ እኮ ተዘግቷል። የሚቀጥለው ከሦስት ወር በኋላ ነው።»

«እስከዚያ ምን እንሁን?»

ፋይሉ ከልቡ አዘነ፤ ክፉ ሰው አይደለም። ወረቀቶቹን አገላብጦ አንድ ነገር አገኘ። «ከከፋችሁ ሥልጠና አለ። የትንፋሽ አወሳሰድ ሥልጠና። ለሐኪሞች የተዘጋጀ ነው፣ ግማሽ ቀን ብቻ።»

«ትንፋሽ ያጠራቸው በሽተኞቼ ናቸው!» ብላ በሩን ወርውራ ወጣች።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ የተረኞችን ሰሌዳ ከግድግዳው አወረደችው። ከቀጭኔ ስም ላይ ሠርዛ የራሷን ስም ጻፈች፤ አሥራ አራት ቀን፣ የሱን ፈረቃ ከራሷ ፈረቃ ጋር። ፋይሉ ሰምቶ እየሮጠ መጣ።

«እትዬ፣ አንድ ሰው በሁለት ቦታ ሊመደብ አይችልም። አይፈቀድም!»

«በወረቀት ላይ ሰባት ሰው ሆኜ ስመጣ ተቀብለኸኝ የለ? አሁን ሁለት ብሆን ምን ይገርምሃል?»

ቀጭኔ አልሄድም ብሎ ነበር። ሲስተር ሻንጣውን አስይዛ ገፍታ አስወጣችው።

እትዬ እነዚያን አሥራ አራት ቀኖች እንዴት እንዳለፈቻቸው አታውቅም። በዘጠነኛው ቀን ጫማዋ እምቢ ስላላት የሲስተርን ነጠላ ጫማ አድርጋ ሠራች። አንዴ ከበሽተኛ አልጋ ጎን ቆማ እንቅልፍ ወሰዳት፤ በሽተኛው ነው በእጁ ነካ አድርጎ የቀሰቀሳት። ቢሆንም፣ አሁን ታቅፏታል፣ አሁን እያጫወታት ነው እያለች ራሷን ታባብል ነበር።

በአሥራ አምስተኛው ቀን ጧት ቀጭኔ ተመለሰ። ተላጭቷል። ልብሱን እየቀየረ ሳለ እትዬ እንደ ልጅ ቸኩላ ደረሰችበት።

«እህሳ! ልጅቷ እንዴት ሆነችልህ?»

«ደህና ናት፣ እትዬ። ትድሃለች።»

«አቀፍካት?»

ጣቶቹን አንድ በአንድ ጓንቱ ውስጥ አስገባ።

«ሳቅፋት አለቀሰች። መጀመሪያ ቀን ለማዳ አይደለችም አልን። ሁለተኛ ቀን ሳልነካት፣ ገና ፊቴን ስታይ ጮኸች። በሦስተኛው ቀን ጨነቀኝና ወጥቼ መስኮቱ ሥር ቆምኩ። ኳ ኳ አደረግሁ።»

«እና?»

«ሳቀች። እጇን ዘረጋችልኝ፣ በመስታወቱ። ሮጬ ገባሁ፤ ደግሞ ጮኸች።» ጭምብሉን አሰረ። ዓይኑ ብቻ ቀረ። «አባቷ ውጭ ነው የሚኖረው፣ እትዬ። የቀሩትን ቀኖች ደጅ ቆሜ ከረምኩ።»

እትዬ ልትይዘው እጇን ዘረጋች፤ የታጠበና ጓንት ያጠለቀ ሰው አይነካምና መልሳ ሰበሰበችው። ከውስጥ የስምንት ቁጥር ማሽን መጮህ ጀመረ። እሱ በሩ ላይ እንደ ልማዱ ጎንበስ ብሎ ገባ። እሷ በሲስተር ነጠላ ጫማ ቆማ ቀረች፤ ከበሩ ጎን የተሰቀለው የምስጋና ደብዳቤ መስታወት ፊቷን እያሳያት።