እያንዳንዱ በየሳህኑ

ወይዘሮ የዓለምወርቅ ለልጃቸው የቀለበት ራት ከባሕር ዳር ሊመጡ ሲነሱ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ድግሱ ሙሽሪት ቤት እንዳይሆን። «እናትሽን ማድከም ምን ይሠራል፣ የኔ ልጅ?» አሏት ሮሐን በስልክ። ድምፃቸው ማር ነው። «እኛም ከአገራችን ወጥተን አዲስ አበባን የምናየው በስንት ጊዜ አንዴ ነው። እስቲ ደህና ምግብ ቤት ምረጪልን። ጸጥ ያለ፣ ሠልጠን ያለ፣ እያንዳንዱ ሰው በየሳህኑ የሚበላበት። ቀኑን ደግሞ በበዓለ ሃምሳ እናድርገው፤ ረቡዕ ዓርብ ሳንል በፍስክ ደስ ይበለን።»

ሮሐ ስልኩን ስትዘጋ ፊቷ በርቶ ነበር። ጓደኞቿ ስለ አማት የሚያወሩትን ስትሰማ ኖራ፣ የእሷ አማት ወጥ ቤት ገብተው የሽንኩርት አከታተፍ የማይመረምሩ ሆነው መገኘታቸውን እንደ ሎተሪ ቆጠረችው። ጉለሌ የእጽዋት ማዕከል ውስጥ ችግኝ የምታፈላ ልጅ ናት፤ ቀኑን ሙሉ ከአፈር ጋር ነው የምትውለው። እጮኛዋ ቤዛብሕ ባንክ ይሠራል። ሁለቱም ውድ ምግብ ቤት የሚያውቁት በበሩ ሲያልፉ ነው።

እናቷ ደሳለች ግን ወሬውን ስትሰማ አልሳቀችም። ደሳለች ቀጨኔ፣ ከመድኃኔ ዓለም ወረድ ብሎ ባለው ቁልቁለት፣ ከሰፈሯ ሴቶች ጋር ሸክላ ትሠራለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ሮሐን ያሳደገችው በዚያው ጭቃ ነው። ለቀለበቱ በግ አይታ፣ ከጎረቤት ትልቁን መሶብ ለምና ነበር።

«በየሳህኑ አሉ?» አለች።

«አዎ። ዘመናዊ ናቸው እኮ፣ እማዬ።»

«በኛ ወግ ሁለት ቤተሰብ ከአንድ ገበታ ካልቆረሰ ቀለበቱ ብረት ነው» አለች ደሳለች፤ ከዚያ ወደ ጭቃዋ ዞረች። ሮሐ እናቷ ድግሷን ስለተቀማች ያዘነች መሰላት።

ምርጫው ተጀመረ። ቤዛብሕና ሮሐ ከሥራ ሲወጡ እየዞሩ ያያሉ፤ ቤዛብሕ ፎቶ አንሥቶ ለእናቱ ይልካል። የመጀመሪያው ቦሌ፣ ሰማይ የነካ ሕንፃ ጫፍ ላይ ነበር። አስተናጋጁ ነጭ ጓንት አድርጎ፣ ጋሻ በሚያህል ሳህን መሐል አንዲት ቁራጭ ሥጋ ይዞላቸው መጣ። ሥጋዋ ዘመድ እንደሌላት ሁሉ ብቻዋን ቆማለች። ሮሐ ቀሪው ምግብ ገና የሚመጣ መስሏት እጇን ታጥባ ጠበቀች። የመጣው ሒሳብ ነው። እየሳቁ ወጡ፤ ሲወጡም ቁርጥ በሉ።

ሁለተኛው የባህል ምግብ ቤት ነው፤ የብር መሶብ፣ ደህና ጠጅ፣ ጨዋ አስተናጋጅ ያለው። ሮሐ ወደደችው። ወይዘሮ የዓለምወርቅ ግን «እሱ ይቅር፣ ዘፈኑ ጆሮ ይበጥሳል» አሉ። እሺ። ሦስተኛው ዘፈን የሚባል ነገር የሌለበት፣ ፒያሳ አጠገብ ያለ አሮጌ ቪላ ነበር። ዶሮ ወጡ የሚያስምል ነው፤ የሚቀርበው ግን ለአንድ ጠረጴዛ በአንድ ትሪ። ወይዘሮ የዓለምወርቅ ፎቶውን አይተው ወዲያው ደወሉ። «ትሪው አንድ ነው እንዴ? ተይው በቃ፣ ሌላ ፈልጊ።»

ሮሐ ያን ጊዜ ገባት። ዘፈኑ ምክንያት አልነበረም። ምክንያቱ ትሪው ነው።

መኪናው ውስጥ ገብተው ቤዛብሕ ሞተሩን ሊያስነሣ ሲል እጁን ያዘችው።

«እናትህ ከእናቴ ጋር ከአንድ ገበታ አልበላም ነው የሚሉት?»

«እ... ማለቴ፣ እንደሱ አይደለም። እማዬ የድሮ ሰው ናት...»

«ምኑ ነው የድሮ?»

«ሰፈራችሁን ስነግራት፣ እናትሽ ሸክላ ሠሪ መሆናቸውን ስነግራት... ታውቂው የለ፣ የሰው ወሬ። ዓይን ምናምን ይላሉ። በቃ፣ አንድ ራት ነው ሮሐ! እያንዳንዳችን በየሳህናችን እንበላለን፣ ፎቶ እንነሣለን፣ ትሄዳለች። ማንም አይጎዳም።»

ደሟ ፈላ። ቃሉን አልተናገረውም እንጂ ያው ቡዳ ማለቱ ነው። ያን ቃል ሮሐ ፊደል ሳትቆጥር ነው ያወቀችው። ትምህርት ቤት ሳለች የወደደቻት ጓደኛዋ ቤት ሄዳ ውሃ ጠጥታ ነበር፤ እግሯ ከበር ሳይወጣ የጓደኛዋ እናት ብርጭቆውን ግቢው ድንጋይ ላይ ስትከሰክሰው ሰማች። ይህ አገር ጉደኛ ነው። ወጡን በሸክላ ድስት ይሠራል፣ ውሃውን በሸክላ እንስራ ይቀዳል፤ ሸክላ ሠሪዋ ብቅ ስትል ገበታውን ይከድናል።

«አንተስ?» አለችው።

«እኔማ! እናትሽ ቤት ስንት ጊዜ በላሁ?»

«በልተሃል። እናትህ ያውቃሉ?»

ቤዛብሕ መሪውን ጨብጦ ወደ ፊት አየ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሏል ይህ ነው።

«ስማኝ» አለች ሮሐ። «ምግብ ቤቱን እመርጣለሁ። በየሳህኑም ይሆናል፣ እንዳሉት። ግን ያን ቀን እናቴ ተዋርዳ አንተ ዝም ካልክ፣ ቀለበቱን ይዘህ ከእናትህ ጋር ባሕር ዳር ትገባለህ። እወድሃለሁ። ይዘኸው ትገባለህ።»

አራተኛውን ምግብ ቤት ብቻዋን አገኘችው። ከቁስቋም ዝቅ ብሎ፣ ባሕር ዛፉ መሐል የተከፈተ አዲስ ቤት ነው፤ ጸጥታው ቤተ ክርስቲያን ያስመስለዋል። የሚያበስለው ሰው የበግ ሥጋ በቅቤና በኮሰረት ቀስ አድርጎ ያበስልና፣ ከጥቅል እንጀራ ጋር ለእያንዳንዱ ሰው ለብቻው ያቀርባል። የሚያቀርበው ደግሞ በጥቁር የሸክላ ሳህን ነው፤ የሚያብረቀርቅ፣ ከንፈሩ ስስ። ሳህኑ ለሮሐ አዲስ አልሆነባትም። ሥጋውን ጨረሰችና ገለበጠችው። ከሥሩ በአውራ ጣት ጥፍር የተጫኑ ሦስት ጭረቶች አሉ። የእናቷ ጥፍር ነው። ነጋዴ ከቀጨኔ ገዝቶ የት እንደሚያደርሰው ደሳለች ጠይቃ አታውቅም ነበር።

ሮሐ ብቻዋን ሳቀች፤ አስተናጋጁ ደንግጦ መጣ። ያንኑ ሰዓት ለአራት ሰው ቦታ ያዘች፤ ፎቶውንም ላከች። መልሱ አልዘገየም። «ይሄ ነው ምግብ ቤት! ሳህኑ ራሱ እንዴት ያምራል!» አሉ ወይዘሮ የዓለምወርቅ።

አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። ሐሳቧ ቀላል ነበር፤ ይብሉ፣ ይጥገቡ፣ ሳህኑን በእንጀራ ይጥረጉ፣ ከዚያ ሳህኑን ገልብጣ ጭረቱን ታሳያቸዋለች። ለተከሰከሰው ብርጭቆ ካሣ እንዲሆናት።

ቀኑ ረቡዕ ነበር። ወይዘሮ የዓለምወርቅ ጥልፍ ቀሚስ ለብሰው፣ ወርቃቸውን አድርገው ገቡ። ደሳለችን ሦስቴ ሳሙ፣ ጤናዋን ጠየቁ፣ ነጠላዋን አደነቁ። ሴትዮዋ ክፉ አይደሉም፤ ነገሩን የሚያከብደውም ይኸው ነው። ደሳለችም በጨዋ ደንብ መለሰች። ቤዛብሕ የቀለበቱን ሣጥን ኪሱ ውስጥ ይነካካል፤ አንድ ቦታ መቀመጥ አቅቶታል።

ምግቡ መጣ። ለእያንዳንዱ በየሳህኑ።

ወይዘሮ የዓለምወርቅ አማትበው ሹካ አነሡ። ደሳለች ግን ምግቡን አላየችም። የሳህኑን ከንፈር በጣቷ ዳሰሰች፤ አንድ ጊዜ አዞረችው፤ ከዚያ ከፍ አድርጋ ከሥሩ አየች። ቀና ብላም ሮሐን ተመለከተቻት። ያን አስተያየት ሮሐ ታውቀዋለች፤ ልጅ ሆና ስትዋሽ የምትያዘው በሱ ነበር።

«ወይዘሮ የዓለምወርቅ፣ ቆየት ይበሉልኝ» አለች ደሳለች። «ከመቅመስዎ በፊት አንድ ነገር ልንገርዎ። ይህን ሳህን የሠራሁት እኔ ነኝ።»

«ምን አሉኝ?»

«እኔ ነኝ የሠራሁት። አራቱንም። ልጄ ይህን አውቃ ነው ያመጣችን፤ ሲጠግቡ ልትነግርዎ አስባለች መሰለኝ። እኔ ግን ሰው ሳያውቅ አላበላም፤ በኛ ቤት ነውር ነው። በየሳህኑ ያሉበት ምክንያትም አልጠፋኝም፤ ከተወለድኩ ጀምሮ የማውቀው ነው። እውነት ተናግሮ ከመሸበት ማደር ይሻላል። ከበሉ አውቀው ይብሉ፤ ከተዉም አውቀው ይተዉ።»

ሮሐ መጀመሪያ አፈረች፤ ቀጥሎ በእናቷ የዚያን ቀን ያህል በሕይወቷ ኮርታ እንደማታውቅ ገባት። እሷ የመረጠችው በቀል ነበር። እናቷ በፊት ለፊት መጣች።

የወይዘሮ የዓለምወርቅ ሹካ አየር ላይ ቀረ። በሕይወታቸው ስንት የሸክላ ድስት ገዝተዋል! ግን ከገበያ የተገዛ ሸክላ ባለቤት የለውም፤ የዚህኛው ባለቤት ፊት ለፊታቸው ተቀምጣ ዓይናቸውን ታያለች። ሹካውን ቀስ አድርገው አኖሩት። ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው ሳቡ።

«ሳህኑማ ቆንጆ ነው፣ እጅዎን ይባርከው» አሉ። «እኔ... ዛሬ ረቡዕ አይደል? ረስቼው እኮ ነው። ጾም ነኝ።»

ዓመቱን ሙሉ ረቡዕ ቢጾም ወግ ነው፤ ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባለው ሃምሳ ቀን ግን አይጾምም፣ አይሰገድም፤ ይህን ሕፃን ልጅ ያውቃል። ወይዘሮ የዓለምወርቅ ደግሞ በደብራቸው የሰንበቴ ሰብሳቢ ናቸው። ቃሉ ከአፋቸው እንደወጣ ራሳቸው ሰሙት፤ ፊታቸው ቲማቲም መሰለ።

ሮሐ ዓይኗን ቤዛብሕ ላይ ተከለች። በልቧ ቀለበቱን አንዴ መልሳለች፣ አንዴ ተቀብላለች። እሱ ሳህኑን ያያል። እጁ ኪሱ ውስጥ ነው።

«እማዬ» አለ በመጨረሻ። «በዓለ ሃምሳ ነው። ቀኑን የመረጥሽው አንቺ ነሽ።»

«አንተ ልጅ...»

«እማዬ፣ ወይዘሮ ደሳለች ቤት ስበላ ሁለት ዓመት አለፈኝ። ከአንድ ትሪ። አንዳንዴም በእጃቸው አጉርሰውኝ። ያልነገርኩሽ ፈርቼሽ ነው። አሁን ነገርኩሽ።»

ወንበሩን አንሥቶ ጠረጴዛውን ዞረና ደሳለች አጠገብ ተቀመጠ። ሳህኑን ከሳህኗ አስጠግቶ ሥጋውን ሁሉ ገለበጠላት። ሮሐም የራሷን አመጣች። የሦስት ሰው ምግብ ደሳለች ሳህን ላይ ተቆለለ፤ መረቁ በከንፈሩ ፈሰሰና ነጩን የጠረጴዛ ልብስ አቀለመው። ማንም ግድ አልሰጠውም። ቤዛብሕ ከኪሱ ሣጥኑን ሲያወጣ ደሳለች እጁን መታ አደረገችው።

«መጀመሪያ ብላ» አለች። «ቀለበቱ ይደርሳል።»

ሹካውን ገፋ አድርጋ በእጇ ጠቀለለችና አጎረሰችው። ጉርሻው ትልቅ ነበር፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ከቅቤው ይሁን ከሌላ አልታወቀም። ሮሐ ከዚያው ሳህን ቆረሰች፤ ከዚህ ቀን ጀምሮ ማንንም አስፈቅዳ እንደማትበላ ለራሷ ነገረች።

ደሳለች አፏን ጠርጋ ወደ እንግዳዋ ዞረች። ቁጣ አልነበረባትም። «ሠርጉ ቀጨኔ ነው፣ ወይዘሮ የዓለምወርቅ። ድንኳኑ እኔ ደጅ ነው የሚተከለው። ገበታው አንድ ነው፤ በየሳህኑ የሚባል የለም። የወደደ ይበላል፣ የጾመ ይጾማል። ልጅዎን ግን እንደልጄ ነው የምወደው።»

ወይዘሮ የዓለምወርቅ በወርቃቸው፣ በጥልፋቸው መሐል ተቀምጠው፣ ልጃቸው ከዚያች ሳህን ሲቆርስ ያያሉ። ልጃቸው አልታመመም፤ አልወደቀም። ርቦት እንደነበረ ሰው ይበላል። በእሳቸው ሳህን ላይ ቅቤው እየረጋ ነው።

አስተናጋጁ ጎንበስ ብሎ መጣ። ያልተነካውን ሳህን አይቶ ደነገጠ። «እናቴ፣ ምግቡ አልተስማማዎትም? ላንሣው?»

ደሳለች ናት የመለሰችው።

«ተወው፣ የኔ ልጅ፣ አታንሣው» አለች። «ገና እያሰቡ ነው።»

ወይዘሮ የዓለምወርቅም ይነሣ አላሉም።