ሁለት እጅ ወደ ላይ

ብረት በያጁን በስሙ የሚጠራው ሰው የለም፤ ጥሩምባ ነው የሚሉት። ቀኑን ሙሉ ብረት ሲጮህበት ስለሚውል፣ ለእሱ ቀስ ብሎ ማውራት ማለት ለሌላው ሰው መጮህ ነው። እሁድ እሁድ ያንን ድምፁን ይዞ ስታዲየም ይገባል። ከግቡ ኋላ ያለው ደረጃ የእሱ ግዛት ነው። ተነስቶ ሁለት እጁን ወደ ላይ ሲዘረጋ ደጋፊው ሁሉ ጩኸቱን ይለቀዋል፤ ሲቀመጥ ጭጭ ይላል። የገዛ አባታቸውን እንኳ እንዲህ አይታዘዙም።

ዳኛ ላይ ደግሞ ምሕረት የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። ስንቱን አንገት አስደፍቶ ሸኘ! ያቺን የታወቀች ግጥም የገጠማትም እሱ ራሱ ነው፤

«ማን መርቶ አመጣው፣ ይህንን ዕውር?
ፊሽካውን ንጠቁት፣ ምርኩዝ ይዞ ይዙር!»

ባለቤቱ «ኧረ ተው፣ እሱም እኮ የሰው ልጅ ነው፣ እናት አለው» ስትለው ይስቃል። «እናቱማ ዓይኑን ታሳክመው!» ይላታል። ሴት ልጃቸውን ትንሽ እያለች ትከሻው ላይ አድርጎ ይወስዳት ነበር፤ በዚያች ግጥም አፏን ፈታች ቢባል ብዙም ውሸት አይደለም።

ያቺ ልጅ አደገችና ምን ብትሆን ጥሩ ነው? ዳኛ!

«ይሄን ጣጣ ከየት አመጣሽው?» አላት አባት።

«ካንተ ትከሻ ላይ። ከዚያ ላይ ሆኜ ሳይ ብቻውን የሚቆመው ዳኛው ነበር። አንጀቴን ይበላኝ ነበር።»

አኩርፎ ከረመ፤ ኋላ ግን ማንም ሳያየው የመጫወቻ ጫማዋን የሚወለውልላት እሱ ሆነ። አባት አይደል!

አንድ ቅዳሜ ወደ ብየዳ ቤቱ መጣች። የፊት መከላከያውን ወደ ግንባሩ ገፋ አደረገ።

«አባባ፣ ነገ የማጫውተው እኔ ነኝ።»

«የኛን ቡድን?»

«የናንተን። የዳኞች ገምጋሚም ይመጣል። እሱ አላስፈራኝም፤ የፈራሁት አንተን ነው። እንዳትቀር፣ ና። ግን ዝም በልልኝ። አንድ ቀን ብቻ።»

«አንቺን ይንሳኝ! ትንፍሽ አልልም።»

አመነችው። ጥቀርሻ የለበሰ ጉንጩን ስማ ሄደች።

በማግስቱ እጆቹን በጉልበቶቹ መካከል ቀብሮ ተቀመጠ። አጠገቡ የሚቀመጠው ወዳጁ ጎሚስታው ገርሞት፣ «ምነው ጥሩምባ፣ ዛግክ እንዴ?» አለው።

«ጉሮሮዬን አሞኛል።»

ልጄ ናት አላለም፤ ካደገች ወዲህ እዚያ የሚያውቃት የለም፤ ነገ ለአባቷ ቡድን አደላች ይሏታል ብሎ ፈራ። በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ኳሷን ትቶ ዳኛ አየ። ዳኛ ይህን ያህል ይሮጣል እንዴ? ከተጫዋቾቹ እኩል ትሮጣለች፤ አንድም ሰው ጎሽ የሚላት የለም። በርቺ ሊላት አፉ ድረስ መጣና ዋጠው።

ጨዋታው ባዶ ለባዶ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው፣ ልክ ከፊቱ፣ ኳሷ የራሳቸውን ቡድን ተከላካይ ክንድ መታች። በደንብ አየ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ደረት ነው ብሎ ይምል ነበር። ልጅቱ ፊሽካዋን ነፍታ ፍጹም ቅጣት ምት ሰጠች። ገባ።

ደረጃው ተናወጠ። ከላይ አንዱ ጀመረው፣ ሌላው ተቀበለው፤

«ማን መርቶ አመጣት፣ ይህቺን ዕውር?
ፊሽካውን ንጠቋት፣ ምርኩዝ ይዛ ትዙር!»

የገዛ ግጥሙ! ያንን ግጥም የገጠመበትን ቀን ረገመ። ብድግ አለና፣ «ተዉ! ልጄ ናት! ኧረ ተዉ!» እያለ ዝም ሊያሰኛቸው ሁለት እጁን ወደ ላይ ዘረጋ።

«ጥሩምባ ተነሳ!» አለ አንዱ።

አለቀ። ያን እጅ ሲያዩ የሚያውቁት አንድ ነገር ብቻ ነው። እሱ እጁን ባወናጨፈ ቁጥር እነሱ ባሰባቸው፤ ያ ዝነኛ ድምፁ በዚያ ሁሉ ጩኸት መሐል ሰምጦ ቀረ። ጎሚስታው ወገቡን አቅፎ «አሁን ዳንክ!» ይለዋል። ልጅቱ ወደ መሐል ሜዳ ስትመለስ ቀና አለች፤ አባቷን አየችው፣ ቆሞ፣ እጁን ዘርግቶ፣ ሰው ሁሉ ከኋላው እየዘፈነ። ከዚያ ሰዓቷን አይታ ጨዋታውን አስቀጠለች።

ሲያልቅ በጓሮው በር ጠበቃት። ቦርሳዋን አንግታ ወጣች፤ የተወረወረባት የላስቲክ ጠርሙስ ማሊያዋን አርሶታል።

«የኔ እናት፣ እጅ ነበር። በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ፣ ልክ ነሽ።»

«አውቃለሁ።»

«እኔ የተነሳሁት ላስቆማቸው ነው። እጄን ያነሳሁት ዝም በሉ ልላቸው ነው። እመኚኝ፣ በናትሽ!»

ብትቆጣው ይሻለው ነበር፤ አልተቆጣችም።

«አባባ፣ ዳኛ የሚፈርደው ባየው ነው» አለችው።

ቦርሳዋን አስተካክላ፣ መስመር ዳኞቹ ወደሚጠብቋት መኪና ሄደች። ትናንት «አንቺን ይንሳኝ» ብሎ የማለላት መሐላ ትዝ አለውና ክው አለ። ሊጠራት አፉን ከፈተ። ያ ሁሉ ድምፅ የት እንደገባ እንጃ፣ አልወጣ አለው።